ዕቅዱ ከወረታ ይጀምር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ተማሪ ወረታን ሳያይ አያልፍም፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውም የሚታጠፈው ከዚያው ነው። ከመንገዱ በስተምዕራብ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ፎገራ ይባላል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ በመስከረም ሜዳው ሁሉ ሩዝ ለብሶ ይታያል፤ ኅዳር ሲደርስ አጨዳ ነው፤ ከዚያም በኋላ በወረታ ከተማ የመፈተጊያው ድምፅ ይሰማል። እኛ ተማሪዎች ይህን ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት እያየን እናልፋለን። ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ግን ስለዚያ ሜዳ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀንም የለም።

ይህን በመግቢያችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ዕቅድ ሲነደፍ አንድ ስም ከአፍ አይጠፋም፤ ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው። መንግሥት በ2012 ዓ.ም ለዚሁ ሥራ ማእከል አቋቋመ፤ ማእከሉም ኋላ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተባለ። በሰኔ 2016 ዓ.ም ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ ፖሊሲውን አጸደቀ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ነገር በዕቅዳቸው ውስጥ ማግባታቸው የሚያስወቅስ አይደለም። ባያገቡት ኖሮ እኛው ራሳችን ተኝታችኋል ብለን በጻፍንባቸው ነበር። እኛን የሚያሳስበን ቅደም ተከተሉ ነው። መሣሪያው ምን እንዲሠራልን እንደምንፈልግ ሳንነጋገር መሣሪያውን የት እንደምናስገባው መነጋገር፣ በሬውን ሳያዩ ቀንበር እንደ መጥረብ ይሆናል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለፈውን መዝገብ በብዛት አንብቦ የሚመጣውን የሚገምት የኮምፒዩተር ሥራ ነው። ጥያቄ ሲቀርብለት ድርሰት የሚጽፈውም ዓይነት ቢሆን፣ የትኛው ቃል የትኛውን ቃል እንደሚከተል ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ የሚገምት ነው። በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውስጥ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። በመጪው ዓመት ስንት ተማሪ እንደሚመጣ፣ ስንት አልጋና ስንት ኩንታል እህል እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው የመማሪያ ክፍል በየትኛው ሰዓት ባዶ እንደሚሆን፣ በጀቱ የት ላይ እንደሚያጥር ይገምታል። ከዚህም አልፎ የትኛው ተማሪ እንደሚወድቅ፣ የትኛው የትምህርት ዘርፍ መዘጋት እንዳለበት ይገምታል። የመጀመሪያው ግምት ቢሳሳት ጥቂት ኩንታል ጤፍ ይተርፋል ወይም ያጥራል። ሁለተኛው ቢሳሳት ግን የሚበላሸው የሰው ዕድል ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

አዲስ ነገር ወደ አንድ አገር እንዴት እንደሚገባና ገብቶም እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ፎገራ ትምህርት ቤታችን ሊሆን ይችላል። ሩዝ የፎገራ የጥንት እህል አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የነበሩትን የገበሬዎች የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲረዱ ያስገቡት ነው። በ1982 ዓ.ም የኢኮኖሚው ፖሊሲ ሲለወጥ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በየአገሩ ፈረሱ፤ ባለሙያዎቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሩዙ ግን ቀረ። ዛሬ ፎገራ በኢትዮጵያ ሩዝ ከሚመረትባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም የቆመው በዚያው በወረታ ነው።

ሩዙ ለምን ቀረ? የመጀመሪያው ምክንያት የገባበት መሬት ነው። የጤፉን ወይም የዳጉሳውን ማሳ ነጥቆ አልገባም፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ስለሚተኛበት ሌላ እህል ሊበቅልበት ባልቻለው ረግረግ ላይ ገባ። ሁለተኛው ምክንያት ሰዉ የራሱ ስላደረገው ነው። የፎገራ እናቶች ሩዙን እንደ ሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ቀቅሎ መብላት ብቻ አላደረጉትም፤ ከጤፍ ጋር አስፈጭተው እንጀራ ጋገሩበት። ገለባውን ለከብት ሰጡት፤ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ ዘሩበት። ገበሬው ዘሩንም ራሱ መረጠ። ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ፣ ሌሎች ዝርያዎች በምርምር ከወጡ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት ከእጁ ያልወጣው፣ ንጣቱንና እንጀራውን ስለ ወደደለት ነው።

ነገር ግን የታሪኩ ሌላ ገጽ አለ። ውሃ የሚተኛበት ያ ረግረግ ባዶ መሬት አልነበረም፤ ውሃው ሲሸሽ የፎገራ ከብት መሰማርያ ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። ሕዝቡ ሲበዛና ሩዙ ሲስፋፋ ግጦሹ ጠበበ፤ ዝርያውም ከሌላ ጋር እየተዳቀለ ንጹሑ እያነሰ ሄደ፤ ዛሬ ከሚጠበቅባቸው ቦታዎች አንዱ በባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከል ነው። ሩዙ መምጣቱ ስሕተት ነበር አንልም፤ ብዙ ቤት አጥግቧል። ላሟ ግን በጊዜው በሒሳብ ውስጥ የገባች አትመስልም።

እኛም ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄ ይዘን ወደ ዩኒቨርሲቲያችን እንመለሳለን። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆነው ረግረግ መሬታችን የት ነው? ነገሩን የራሳችን የምናደርገው እንዴት ነው? ሲገባስ ግጦሿን የምታጣው ላም ማን ናት?

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንውሰድ። ሌላ ነገር ያልበቀለበት ቦታ የት እንደ ሆነ ለማየት ወደ ቤተ መጻሕፍት መግባት ይበቃል። በክልላችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ርብ፣ ስለ ጉማራ፣ ስለ ሩዝ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ፎገራ ከብት፣ ጣናን ስለ ወረረው እምቦጭ የተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ይጽፋል፤ መምህሩ ያርማል፤ ፈታኞች ይጠይቃሉ፤ ጽሑፉ ይጠረዛል፤ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። መሬቱን ያስለካውና ጊዜውን ሰጥቶ ለጥያቄው የመለሰው ገበሬ ግን ውጤቱን አያይም። ይህ የእኛ ረግረግ ነው። ያን ሁሉ ጽሑፍ አንብቦ፣ ገበሬው ወይም የልማት ሠራተኛው በአማርኛ ለሚጠይቀው ጥያቄ በአማርኛ የሚመልስ፣ መልሱንም ከየትኛው ጽሑፍ እንዳገኘ የሚናገር መሣሪያ ብንሠራ ማንንም አንነጥቅም። በስልክ መልስ መስጠት ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም የተከፈተው የ8028 የግብርና ምክር መስመር በአገር ቋንቋ በድምፅ ያስተምር ነበር። የአማርኛን ጽሑፍ ከምስል ላይ የሚያነብ ሥራም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ተሞክሮ ለዓለም ታትሟል። እንግዲህ ከባዶ የምንጀምር አይደለንም።

ሁለተኛው ረግረግ የጎርፉ ነገር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ተጥለቅልቀው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ከዚያም ወዲህ ጎርፉ ተመላልሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የጉግል ኩባንያ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ መለኪያ በሌላቸው ወንዞች ላይ እንኳ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትልልቅ ጎርፍን ከቀናት በፊት ሊገምት እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን ከሩቅ የተሠራው ግምት በርብ ዳር ላለው ሰው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ወንዙን በየቀኑ የሚለካ፣ ያለፈውን ጎርፍ ከየትኛው ዛፍ ድረስ እንደ ደረሰ ከሽማግሌዎች ጠይቆ የሚመዘግብ፣ ማስጠንቀቂያውም ሲመጣ ለቀበሌው በሚገባው ቃል የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ኮምፒዩተር አይሠራውም፤ ተማሪ ግን ይሠራዋል።

ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ታሪክ እዚህ ላይ ይታወሰናል። በ1957 ዓ.ም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። በአገልግሎቱ ላይ የነበረው ክርክር ብዙ ቢሆንም፣ ተማሪውን ከገበሬው ጋር ያገናኘ ሥራ እንደ ነበር የሚክድ የለም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ዕቅድ «መረጃ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይጽፋል። መረጃ ግን ከሰማይ አይወርድም፤ ሄዶ የሚያመጣው ሰው ይፈልጋል። ዕቅዱ ለኮምፒዩተር የሚመድበውን ያህል ጭቃ ለሚረግጥ ተማሪ የቀን አበልና የመጓጓዣ ገንዘብ ካልመደበ፣ መሣሪያው የሚማረው ከሌላ አገር መዝገብ ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ ነገሩን የራሳችን የማድረግ ጥያቄ ነው። ዛሬ ተማሪውም መምህሩም የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ በውጭ አገር ኩባንያዎች እጅ ናቸው። የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው፤ የላቀው አገልግሎታቸው የሚከፈለው በዶላር ነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ማንም አልረሳውም። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ፣ ምክርና የውጤት ሥራ ሁሉ በሩቅ መሣሪያ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ ምን ይደረግ ነበር? ይህን ጥያቄ ያላነሣ ዕቅድ በበጋ እንደ ተሠራ የመሻገሪያ ድልድይ ነው፤ ጉማራ ሲሞላ ይወስደዋል።

የቋንቋውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ጽሑፍን በትንንሽ ቁራሽ እየከፈሉ ያነባሉ፤ ዋጋ የሚያስከፍሉትም በቁራሹ ቁጥር ነው። በአብዛኛው የተሠሩት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ በመሆኑ፣ አንድ የአማርኛ ቃል ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይልቅ ወደ ብዙ ቁራሽ ይከፈላል። ስለዚህ በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው ለአንድ ዓይነት ሐሳብ የበለጠ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ያነሰ መልስ ያገኛል። ይህን የሚያስተካክለው የውጭ ኩባንያ ቸርነት ሳይሆን የአገር ቋንቋ ጽሑፍ በሥርዓት መሰብሰብና በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ አነስተኛ መሣሪያዎችን ማዘጋጀት ነው። የፎገራ እናት ሩዙን እንጀራ እንዳደረገችው፣ ዩኒቨርሲቲውም ይህን ነገር ወደ ራሱ ምጣድ ማምጣት አለበት። ሳይጋገር የሚበላ ከሆነ የእንግዳ ምግብ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ይከብደናል፤ ምክንያቱም ላሟ እኛ ልንሆን ስለምንችል ነው። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ቁጥሩ ከፍ ቢልም ከመቶ 8.4 ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልላችን በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። አሁን ይህን መዝገብ ለመሣሪያው ሰጥተን «ከገጠር ቀበሌ የመጣ፣ አንድ ዓመት ትምህርት ያቋረጠ፣ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት ያለፈ ተማሪ ይመረቃል ወይስ ይወድቃል?» ብለን ብንጠይቀው ምን ይመልሳል? ይወድቃል ይላል። መሣሪያው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የተነገረው ያ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ዓመት መዝገቡ እንደ ባዶ ቦታ ያሳያል፤ መሣሪያውም ያን ባዶነት የተማሪው ድክመት አድርጎ ያነበዋል።

ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በእንግሊዝ አገር በወረርሽኙ ምክንያት ፈተና ስለ ቀረ ውጤት በስሌት እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ስሌቱ እያንዳንዱን ተማሪ የመዘነው ትምህርት ቤቱ ባለፉት ዓመታት ባገኘው ውጤት ጭምር ነው። መምህራን ከገመቱት ውጤት ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው ዝቅ ተደረገ። ደካማ ታሪክ ባለው ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅ የቀደሙት ተማሪዎች ዕዳ ተጫነበት። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ መንግሥትም በቀናት ውስጥ ስሌቱን ሽሮ የመምህራኑን ግምት ተቀበለ። እዚያ አገር ያ ሁሉ የሆነው ብዙ መዝገብ፣ ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ባለበት ነው።

መልካም ምሳሌም አለ፤ እርሱንም መደበቅ አይገባንም። በአሜሪካ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ተማሪው ከመንገድ ሲወጣ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ይጠቀማል፤ የሚመረቁት ተማሪዎች ቁጥርም ከፍ ብሏል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው መሣሪያውን ብቻ አላስገባም፤ በብዙ የሚቆጠሩ አዳዲስ የተማሪ አማካሪዎችን አብሮ ቀጠረ። መሣሪያው ምልክት ሲሰጥ ተማሪውን ጠርቶ «ምን ሆንክ? ምን ቸገረሽ?» የሚል ሰው አለ። ምልክቱ ወደ ማባረሪያ ደብዳቤ ሳይሆን ወደ አማካሪ በር ያመራል። አማካሪ ሳይቀጥሩ መሣሪያውን ብቻ መግዛት፣ ሐኪም በሌለበት መርፌ እንደ መግዛት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ መምህራን ተማሪው የጻፈውን ጽሑፍ በኮምፒዩተር የተጻፈ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚፈርድ መሣሪያ ይታመናል ብለው ያስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ሰባት መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው ከጻፉት ድርሰት ውስጥ መሣሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን «የማሽን ጽሑፍ ነው» ብለው ፈረዱበት። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይም ራሱ ያወጣውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በዚያው ዓመት አነሣው። በእንግሊዝኛ የምንማር ግን በአማርኛ የምናስብ ተማሪዎች ለዚህ ዓይነት ፍርድ ምን ያህል የተጋለጥን እንደ ሆንን መምህሮቻችን እንዲያስቡልን እንለምናለን።

ይህን ስንል ራሳችንን ንጹሕ አናደርግም። ከመካከላችን የቤት ሥራውን በሙሉ ለኮምፒዩተር ሰጥቶ ስሙን ብቻ የሚጽፍ እንዳለ እናውቃለን። ያ ተማሪ መምህሩን ያታለለ ይመስለዋል፤ የመውጫ ፈተናው ቀን ሲደርስ ግን ብቻውን ይቀመጣል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ያለዚያ ፈተና ዲግሪ እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህም የከፋ ጉዳት አለ። የፎገራ ገበሬ ዘሩን ከዓመት ዓመት ከራሱ ጎተራ እያወጣ ሲዘራ ዘሩ እየተቀላቀለ እንደሚደክም ያውቃል፤ ለዚህም ነው ንጹሕ ዘር የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር የወጣ ሌላ ጥናት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በራሱ ዓይነት መሣሪያ በተጻፈ ጽሑፍ ደጋግሞ ሲሠለጥን እየደከመ፣ ብርቅ የሆነውን ነገር እየረሳ እንደሚሄድ አሳይቷል። የመመረቂያ ጽሑፋችን ሁሉ በመሣሪያ የተጻፈ ቢሆን፣ ቀድሞ ረግረግ ብለን የጠራነው መደርደሪያ ምን ዘር ይኖረዋል? ወደ ወረታ ሳይሄዱ ስለ ወረታ የተጻፈ ጽሑፍ ለገበሬውም ለመሣሪያውም የማይበቅል ዘር ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «እናንተ ስትከራከሩ ዓለም ጥሎን ሄደ፤ አሁን የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው» ይሉናል። ሐሳባቸውን አንንቅም። የአገራችን ትምህርት በብዙ ነገር ወደ ኋላ እንደ ቀረ የታወቀ ነው፤ ተማሪው ይህን መሣሪያ ሳያውቅ ቢመረቅ ሥራ በመፈለግ ጊዜ ይጎዳል። ስለዚህ መሣሪያውን መማርም ማስተማርም ነገ ሳይሆን ዛሬ ይጀመር እንላለን። ነገር ግን መሣሪያውን መማር አንድ ነገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ለመሣሪያው ማስረከብ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ላይ እንቸኩል፤ በሁለተኛው ላይ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን እናስታውስ። የምግብ ቤቱን እህል፣ የክፍሎቹን ድልድል፣ የቤተ መጻሕፍቱን ዝርዝር ዛሬውኑ በመሣሪያው ማገዝ ይቻላል፤ ቢሳሳትም ይታረማል። ተማሪውን መመዘንና መምህሩን መለካት ግን ቆይቶ ይምጣ፤ ሲመጣም በሥርዓት ይምጣ።

እንግዲህ በማኅበራችን ስም ለአስተዳደሩና ለመምህሮቻችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ማንኛውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ከመገዛቱ ወይም ከመሠራቱ በፊት አንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍለት። የትኛውን ችግር እንደሚፈታ፣ ከማን መዝገብ እንደሚማር፣ ቢሳሳት ማን እንደሚጠየቅ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል በዚያ ገጽ ላይ ይገለጽ። ይህን ገጽ መጻፍ የማይችል ክፍል መሣሪያውን ለመያዝ ገና ነው።

ሁለተኛ፣ ተማሪን ማገድ፣ ማባረር፣ ከትምህርት ዘርፍ ወደ ዘርፍ ማዛወር፣ ወይም በሥራ መቅዳት መክሰስ በመሣሪያ ግምት ብቻ አይሁን። የሚፈርደው ስምና ፊርማ ያለው ሰው ይሁን፤ ተማሪውም ምክንያቱን አይቶ ይግባኝ የሚልበት ቦታ ይኑረው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ያለ ሥርዓት እንዳይነካ ይከለክላል፤ የተማሪም መዝገብ የሰው መረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቅዱን በሚነድፈው ኮሚቴ ውስጥ በተማሪዎች የተመረጡ ተወካዮች ይቀመጡ፤ ከእነርሱም ሴት ተማሪዎችና ከገጠር የመጡ ተማሪዎች ይኑሩበት። ስለ ላሟ ግጦሽ ከላሟ ባለቤት ይልቅ የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፣ የዕቅዱ የመጀመሪያ የሙከራ ሥራ ፎገራ ላይ ይሁን። ከሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከሉ፣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ከገበሬዎቹ ጋር ተስማምቶ፣ ተማሪዎች በክረምት የወንዙንና የማሳውን መዝገብ ይሰብስቡ፤ መዝገቡም የገበሬው ጭምር እንደ ሆነ በጽሑፍ ይታወቅ፤ ውጤቱ በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ይመለስለት። በዓመቱ መጨረሻ ገበሬዎቹ ራሳቸው «ጠቀመን» ወይም «አልጠቀመንም» ብለው ይፍረዱ። ይህ ፍርድ በዕቅዱ የውጤት መለኪያ ውስጥ ይግባ።

አምስተኛ፣ ለመምህራን ሥልጠና ይሰጥ፤ የፈተናውና የቤት ሥራው ዓይነትም ይታሰብበት። ተማሪው በቃሉ ቆሞ የሚያስረዳው፣ ሜዳ ሄዶ የሚለካው፣ ለክፍል ጓደኞቹ የሚያሳየው ሥራ ቢበዛ፣ የኮምፒዩተር ጽሑፍ ማደን ባላስፈለገ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል የሚለን ቢኖር፣ ከአምስቱ ሦስቱ ከወረቀትና ከስብሰባ በቀር ምንም እንደማይጠይቁ እናሳስበዋለን። ገንዘብ የሚጠይቀው አራተኛውና አምስተኛው ነው፤ እነርሱም ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመለት ሥራ ናቸው።

ሩዝ ወደ ፎገራ ሲገባ ገበሬው ስለ አምስት ዓመት ዕቅድ የሰጠው ትምህርት አልነበረም። ነገር ግን መሬቱን ያውቅ ነበር፤ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚሸሽ ያውቅ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ዘር የት እንደሚያኖረው አላጣውም። እኛ መሬታችንን እናውቃለን ወይ? በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ቢያንስ ከመካከላችን ጥቂቶቹ ወረታ ላይ ከአውቶቡሱ እንውረድ፤ ወደ መፈተጊያው ቤትና ወደ ሩዙ ማሳ እንሂድ፤ ምን ቸገራችሁ ብለን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ለዕቅዱ ኮሚቴ ይዘን እንመለስ። ከዚህ ሐሳብ የሚለይ መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ቦታ እንለቅለታለን።